ጣናን በጀልባ ለማየት መቼ? ከጎንደር ሲነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ደውላ «ሰመር ላይ እንመጣለን፤ ጣናን በጀልባ ታሳየናለህ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። የትኛው ወር እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ የእነሱን በጋ እንደ እኛ በጋ መቁጠር። የመጡት ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነበር። እዚያ ልጆች ትምህርት ዘግተው ፀሐይ ሲሞቁ፣ ጎንደር ላይ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም። ጀልባ ወደሚያዝባት የሐይቁ ዳር ከተማ ወደ ጎርጎራ ለመውረድ ደግሞ የደምቢያን ሜዳ ማቋረጥ ግድ ነው። የደምቢያ አፈር ዋልካ ነው፤ ሲርስ እንደ ሙጫ ይይዛል። ሐይቁ ዳር ደርሰን ትንሿ ልጅ ከመኪና እንደወረደች አንድ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀረ። በእጄ ቆፍሬ አወጣሁላት። ደመናው ውሃው ላይ ተኝቶ ማዶው አይታይም። ጀልባ ነጂው «ዛሬስ ይቅርባችሁ» አለን። 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን ጀልባ ሳንረግጥ ተመለስን። ዘመድ «ሰመር» ሲላችሁ ወሩን በእኛ አቆጣጠር አስረዱት።

እንቁጣጣሽ ካለፈ ዝናቡም አልፏል ማለትም ያሳስታል። ቢያንስ እስከ መስቀል መታገሥ ነው። መገጭንና ርብን የመሳሰሉ ወንዞች ክረምቱን ሙሉ ያመጡትን ውሃ ሐይቁ ያጠራቅማል። ስለዚህ ጣና ጢም የሚለው ዝናቡ ሲያባራ ነው፤ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ። ለእኔ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ያለውን ጊዜ የሚያህል የለም። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ማሳው ገና አልደረቀም፣ ከሰሜን ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት ወፎችም ዳር ዳሩን ይሰፍራሉ። ጋቢ ግን አትርሱ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ጧት ጀልባ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል።

ጥምቀትንና ጣናን አንድ ላይ ማጨቅ ደግሞ ሁለቱንም ያሳጣል። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቅዱስ ሚካኤል ነው። በእነዚህ ቀናት ከተማው በእንግዳ ይጨናነቃል፤ ቀድሞ ያልያዘ ሰው አልጋ ማግኘት ይቸግረዋል። በዓሉን በደንብ አክብሩ፣ አንድ ቀን እረፉ፣ ከዚያ ውረዱ።

ብዙ ሰው ወሩን በደንብ መርጦ ሰዓቱን ይረሳል። ጣና ጧት ጧት ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ትንንሽ ጀልባዎችን ያንገላታል። ከጎንደር ንጋት ላይ ተነሱ። የጎርጎራን ደብረ ሲና ማርያም ሥዕሎች ማየት ከፈለጋችሁ የቅዳሴውን ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ። እሑድ ቅዳሴው ጧት ነው፤ በዐቢይ ጾም በሥራ ቀን ግን ቀትር አካባቢ ይገባል።

ሚያዝያና ግንቦትን አልመክርም። ሙቀቱ ይከብዳል፣ ውሃውም ከዳሩ ይሸሻል።

በየትኛውም ወር ቢሆን፣ ከመነሳታችሁ በፊት ጎርጎራ ላለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታና የጀልባውን ነገር አጣሩ። የአክስቴ ልጅ አሁን ትኬቷን ለኅዳር ቆርጣለች፤ እኔም ጀልባ ነጂውን ከወዲሁ አነጋግሬዋለሁ።