ስልኩ ሲጮህ ጎንበስ በሉ

ዊልቸር ላይ የምትውሉ፣ በተለይ መቀመጫችሁ ላይ ስሜት የሌላችሁ፣ ቆዳችሁ በጫና እንዳይቆስል ይቺን ስሙኝ። ግፊት የሚለካ ሴንሰር ያለው ስስ ምንጣፍ አለ። የመቀመጫ ትራሱ ላይ ይነጠፋል፤ ጫናው የበረታበትን ቦታ የስልክ ስክሪን ላይ በቀይ ያሳያል። ቀዩ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ስር ነው።

ማንቂያ ካለው በየ15 እስከ 30 ደቂቃው እንዲጮህ ሙሉት። ሲጮህ ፍሬን ይዛችሁ፣ ደረታችሁን ወደ ጉልበታችሁ ደፋ አድርጋችሁ 2 ደቂቃ ያህል ቆዩ። ቀዩ ሲደበዝዝ ታዩታላችሁ። በክንድ ብድግ ብሎ ወዲያው ቁጭ ማለት ብዙም አይረባም፤ ደሙ እስኪመለስ ጊዜ ይፈልጋል፣ ትከሻም ያደክማል።

ሴንሰሩ ቆዳ አያይም ታዲያ። ማታ ማታ በመስታወት እዩት። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅ ዳሰስ አድርጉ፤ ከዙሪያው የሞቀ ወይም ጠጠር ያለ ቦታ ካለ እዚያ ላይ አትቀመጡ፣ ለሐኪም አሳዩት።