የጥበቃ ግራንቱ እምቢ ሲላችሁ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መላው

ይህ ጽሑፍ አሜሪካ ላሉ ሰበካ ጉባኤዎች፣ የመስጊድ ኮሚቴዎችና የማኅበር ቦርዶች ነው። የማወራው ፌማ (የአሜሪካ የፌዴራል የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች ስለሚሰጠው የጥበቃ ግራንት ነው። መመሪያው በየዓመቱ እንደሚለዋወጥ፣ የአምናውን ቅጽ መሙላት ዋጋ እንደሌለው ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ።

ምልክት፦ ሳም ዶት ጎቭ ድርጅታችሁን አላውቀውም ይላል

ሳም ዶት ጎቭ የፌዴራል ገንዘብ የሚጠይቅ ድርጅት የሚመዘገብበት የመንግሥት ድረ ገጽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የስም አጻጻፍ ነው። የታቦቱ ስም በስቴት ምዝገባ ላይ አንድ ዓይነት፣ ባንክ ላይ ሌላ፣ የመብራት ቢል ላይ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ነው። "መድኃኔዓለም" አንዱ ጋ ተያይዞ፣ ሌላው ጋ ለሁለት ተከፍሎ ይጻፋል። እኛ አንድ መሆኑን እናውቃለን፤ ሲስተሙ ግን ሦስት ድርጅት ያያል። በኤፕሪል 2022 ደንስ የሚባለው የድሮው የድርጅት መለያ ቁጥር ቀርቶ በምትኩ ዩኢአይ የሚባለው ከመጣ ወዲህ ስምና አድራሻ በሰነድ ይጣራል።

መላው፦ የስቴት ምዝገባውን አውጡና ፊደል በፊደል እሱን ተከተሉ። ሌላው ወረቀት በእሱ ልክ ይስተካከል። የፖስታ ሳጥን ቁጥር እንደ አድራሻ አያገለግልም። በስቴት በኩል ለሚያመለክት ድርጅት የዩኢአይ ቁጥሩ ይበቃዋል፤ የሳም ዶት ጎቭ ሙሉ ምዝገባ ውስጥ ገብታችሁ ሳምንታት አታባክኑ። ቁጥሩ ነጻ ነው። "እናስመዝግብላችሁ" ብሎ ዶላር የሚጠይቅ ኢሜይል ከመጣ ሳትመልሱ ሰርዙት።

ምልክት፦ "ቦታችሁ እዚህ አይደለም" ወይም "ቀኑ አልፏል"

ማመልከቻው በስቴቱ በኩል ነው የሚያልፈው። የስቴቱ ቀነ ገደብ ደግሞ ከፌማው ይቀድማል። የፌማን ቀን ግድግዳ ላይ ለጥፎ የሚጠብቅ ቦርድ ሁሌም ይቀደማል። በዋሽንግተን አካባቢ ሌላ ጣጣ አለ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለ ቤተክርስቲያን ለትላልቅ ከተሞችና ለዙሪያቸው ከተለየው የግራንቱ በጀት ሲጠይቅ የሚገባው በዲሲ በኩል ነው፤ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ አይደለም።

ምልክት፦ ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቷል፣ ነጥቡ ግን ዝቅተኛ ነው

እዚህ ጋ ረጋ እንበል። ደጋግሜ የማየው ውድቀት ይሄ ነው።

ቅጹ ብዙ ሳጥን ቢኖረውም የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ማን ሊያጠቃችሁ ይችላል? ሕንጻችሁ የቱ ጋ ነው ክፍት? የምትገዙት ዕቃ ያንን ክፍተት እንዴት ይዘጋዋል? ሦስቱ ካልተያያዙ ነጥብ የለም። የእኛ ሰዎች ግን ከመጨረሻው ይጀምራሉ። ካሜራ የሚሸጥ የአንድ ሰው ዘመድ አይጠፋም። ፕሮፎርማ ያመጣል። ከዚያ ለፕሮፎርማው ስጋት ይፈለግለታል።

የአንድ ቤተክርስቲያን የደኅንነት ግምገማ እንዲህ ይል ነበር፦ የሰንበት ትምህርት ቤቱ በር ከውስጥ አይቆለፍም፤ የኋላው በር በቅዳሴ ሰዓት በድንጋይ ተደግፎ ክፍት ይውላል። የጠየቁትስ? ሠላሳ ሁለት ካሜራ። ስለ በሮቹ አንዲት ቃል የለችም። ካሜራ እኮ የገባውን ሰው ይቀርጻል እንጂ አያስቆምም! በሚቀጥለው ዙር በካርድ የሚከፈት ቁልፍ፣ የማይሰበር በርና ጥቂት ካሜራ ጠየቁ። አለፉ።

ሌላ ቦርድ ባለፈው ዓመት የተሳካለትን የጎረቤት ማመልከቻ ገልብጦ አስገባ። ቤተክርስቲያኑ ሚካኤል ነው። ወረቀቱ ላይ ግን የሚጠበቀው ገብርኤል ነው። ከዚህ በላይ ምን ልበል።

የስጋት ክፍሉ ደግሞ "በአሜሪካ ወንጀል በዝቷል" በሚል ዓረፍተ ነገር ይጀምርና እዚያው ያልቃል። የሚፈለገው እናንተ ላይ የደረሰው ነው፦ የዛቻ ስልክ፣ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ስድብ፣ ፓርኪንጉን ፎቶ ሲያነሳ የተገኘ ሰው። ቀኑና የፖሊስ ሪፖርት ቁጥሩ አብሮ ይጻፋል። የሚጎዳን ልማዳችን እዚህ ጋ ነው። መስኮት ይሰበራል፣ "ነገር አታብዙ፣ ስማችን ይነሳል" ይባላል፣ በማግስቱ መስታወቱ ይቀየራል። ፖሊስ አልተጠራም። ዓመት አልፎ ግራንት ሲወጣ ሪፖርት ፍለጋ ይሯሯጣሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሰው መዝገብ ይያዝ። ስብርባሪው ከመጠረጉ በፊት ፎቶ ይነሳ። የዛቻ የድምፅ መልዕክት አይሰረዝ። ፖሊስ ይጠራ፤ ቁጥሩም ይጻፍ።

እናንተ ላይ ምንም አልደረሰም? እናንተን በሚመስሉ ላይ የደረሰውን ጻፉ። በ2015 ቻርለስተን ውስጥ በአንድ ጥንታዊ የጥቁሮች ቤተክርስቲያን ዘጠኝ ሰዎች ተገድለዋል። ገዳዩ እንግዳ ተብሎ ገብቶ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱ ላይ አብሯቸው ተቀምጦ ነበር። እንግዳ ከበር የማንመልስ እኛ ይህን ከራሳችን በር ጋር ማያያዝ አያቅተንም። ዜናውን ብቻ ለጥፋችሁ ከተዋችሁት ግን አይረዳችሁም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሰበካ ጉባኤ ጠብን ስጋት ብላችሁ አትጻፉ። "የቀድሞው ቦርድ ቁልፍ አልመልስ አለ" የሚል ማመልከቻ በዓይኔ አይቻለሁ። ግራንቱ ለሽብርና ለጽንፈኛ ጥቃት ነው፤ ያ የጠበቃ ጉዳይ ነው።

ግምገማውን ለማሠራት ብዙ ገንዘብ አታውጡ። ሲሳ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት አማካሪዎች በነጻ ይሠራሉ፤ ብዙ ቦታ የአካባቢ ፖሊስም ይረዳል። ግን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። በመጨረሻው ሳምንት ሁሉም ነው የሚደውለው።

ምልክት፦ ግራንቱ ተፈቀደ፣ ገንዘቡ ግን የለም

ገንዘቡ ቀድሞ አይመጣም። እናንተ ከፍላችሁ፣ ደረሰኝ አስገብታችሁ ነው የሚተካው። በ2024 መደበኛው ዙር ለአንድ ቦታ እስከ 150 ሺህ ዶላር መጠየቅ ይቻል ነበር። ያን ያህል ከካዝና አውጥቶ የሚጠብቅ ደብር ስንት አለ? ሥራውን በደረጃ ከፋፍሉት።

ተከፍሎም የማይተካ አለ። ከግራንቱ ስምምነት በፊት የተገዛ ዕቃ አይተካም። አንድ ቦርድ "ተፈቅዷል" የሚለው ኢሜይል በመጣ ሳምንት አጥር አሠራ። የአካባቢና የቅርስ ምርመራው ገና ነበር። ፌማ ያንን ሳያጸድቅ ጉድጓድ መቆፈር ቀርቶ ግድግዳ መብሳትም አይቻልም። አጥሩ ቆሟል፤ ሂሳቡን የከፈለው ምዕመኑ ነው። ሕንጻችሁ 45 ዓመት ካለፈው ይህ ምርመራ ይበልጥ ጥብቅ ይሆናል፤ የተገዙት አሮጌ ቤተክርስቲያኖች ደግሞ ብዙዎቹ ከዚያ በላይ ናቸው።

"ማመልከቻውን በነጻ እጽፍላችኋለሁ" ከሚል ካሜራ ሻጭ ተጠንቀቁ። የዕቃውን ዝርዝር የጻፈ ሰው በጨረታው መወዳደር አይችልም። ግዢው ሲጣራ ይገኛል። ከዚያ ዕቃው የተገጠመ፣ ገንዘቡ ያልተተካ ይሆናል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ቅጹን አትማችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ስካን ካደረጋችሁት ላይነበብ ይችላል፤ ፒዲኤፉን እንደተሞላ ላኩት። የጦር መሣሪያ በዚህ ገንዘብ አይገዛም። የተከራያችሁት አዳራሽ ከሆነ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። በግራንቱ መሃል ሕንጻ ከቀየራችሁ ለስቴቱ ሳትናገሩ አንዲት ካሜራ እንኳ ነቅላችሁ እንዳትወስዱ።