ውሻ ካላችሁ አጥሩን ከታች ጀምራችሁ እዩት

አዲስ አበባ ላይ አብዛኛው ሰው አጥር ሲያሳጥር የሚያስበው ሌባን ነው፣ ከላይ ጠርሙስ ስባሪ ይሰካል እሾህ ሽቦ ይጠቀልላል ከታች ግን ቡችላ የሚያሾልክ ክፍተት ይተዋል። የኛዋም የወጣችው በዛ ነው፣ ክረምት ላይ ጎርፉ ከበሩ ላሜራ ስር ያለውን አፈር ጠርጎት ነበር እኛም ነገ እንደፍነዋለን እያልን ሳምንት አለፈው፣ ደግነቱ ማታ ጭቃ በጭቃ ሆና ተመለሰች።

አቅም ካለ ብሎኬት የሚያክለው የለም። ቆርቆሮ ከሆነ ግን ሱቅ ስትሄዱ ጌጁን (የውፍረቱን ቁጥር) ጠይቁ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚወፍረው፣ 28 ከ32 ይወፍራል፣ ስሱን ውሻው ጠርዙን በጥፍሩ ገልብጦ ራሱን ይቆርጥበታል። የሽቦ መረብ ለመንገድ ዳር ግቢ እኔ አልመክርም፣ አላፊ አግዳሚውን እያየ ሲጮህ ይውላል፣ ደግሞ የሰፈር ውሻ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥሞ ሊነክሰው ይችላል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ይሄ ቀልድ አይደለም (ክትባቱንም እንዳትረሱ)።

ቁመቱ ለትልቅ ውሻ 1.80 ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ግን አጥሩ ስር ማገዶ ወይ የተረፈ ብሎኬት ከከመራችሁ መሰላል ሰጣችሁት ማለት ነው። መቆፈር የሚወድ ከሆነ አጥሩን ተከትላችሁ 30 ሳንቲም ያህል ቆፍሩና ድንጋይ በሲሚንቶ አስሞሉ፣ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዋም ላይ ፍርግርግ ብረት አስበይዱ፣ ቡችላ ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላውም ያልፋል።