ፀጉራም ትንሽ የባሕር ሸርጣን ስንለይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከድንጋይ ሥር የወጣ፣ መላ አካሉን ፀጉር የሸፈነው ትንሽ ሸርጣን እጃችሁ ገብቷል እንበል። ስሙን ቶሎ ለማወቅ መቸኮል ያለ ነው። አብዛኛው ስህተት የሚመጣውም ከዚሁ ችኮላ ነው፤ ዓይን ፀጉሩ ላይ ይቀርና ዋናዎቹ መለያዎች ይታለፋሉ።

ፀጉሩን አይቶ ቤተሰቡን መወሰን

"ፀጉራም ከሆነ ፒሉምነስ (ፀጉራም የትንንሽ ሸርጣኖች ወገን) ነው" የሚለው ግምት በጣም የተለመደ ነው። ግን ፀጉር የማይዛመዱ ሸርጣኖችም ያላቸው ነገር ነው። በአውሮፓ የአትላንቲክ ዳርቻ ፒሉምነስ ሂርቴለስ፣ እግሩ ፀጉራም የሆነው ዛንቶ ፒሊፔስ እና ፖርሴላና ፕላቲኬለስ አንድ ዳርቻ ላይ ከድንጋይ ሥር ሊገኙ ይችላሉ። ሦስቱም ቤተሰባቸው ይለያያል። ፀጉሩ ደለል ይይዛል፣ እንስሳውን ከአካባቢው ጋር ያመሳስለዋል። ስለዚህ ስለ አኗኗሩ እንጂ ስለ ዝምድናው ብዙም አይነግረንም።

እግር አለመቁጠር

ፖርሴላና ሸርጣን ቢመስልም ከእውነተኞቹ ሸርጣኖች ወገን አይደለም። ከመቆንጠጫዎቹ ኋላ በግልጽ የሚታዩት መራመጃ እግሮች ሦስት ጥንድ ብቻ ናቸው፤ አራተኛው ጥንድ በጣም ትንሽ ሆኖ ከኋላ ተጣጥፎ ተደብቋል። በእውነተኛ ሸርጣኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራት ጥንድ ይታያል። አንቴናውንም እዩ፦ የፖርሴላና ረጅም ነው፣ የሚነሳውም ከዓይኖቹ በስተውጭ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሸርጣን ሲያዝ እግሩን ራሱ ቆርጦ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ እግር ከመቁጠራችሁ በፊት የተቆረጠ ጉቶ መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ።

ሳያጸዱ መመርመር

የቅርፊቱ ጠርዝ ላይ ያሉት እሾሆች ቁጥርና ቅርጽ ትልቅ መለያ ናቸው፤ ፀጉርና ጭቃ ግን ይሸፍናቸዋል። መጀመሪያ እንዳለ ፎቶ አንሱት። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽና በውሃ አንዱን ጎን ብቻ አጽዱ፤ ሌላውን ተዉት። የፀጉሩ ርዝመት፣ አቀማመጥና የጫፉ ቅርጽም ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ፣ ሁሉንም ፈግፍጎ ማጥፋት ማስረጃ ማጥፋት ነው።

በጀርባው ብቻ ማየት

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ገልብጡት! ሆዱ ሥር የታጠፈው ክፍል በወንድ ጠባብ፣ በጎልማሳ ሴት ሰፊ ነው። ወንድ ከሆነ የዚህን ክፍል አንጓዎች በአጉሊ መነጽር ቁጠሩ። ፒሉምነስ በሚገባበት በፒሉምኒዴ ቤተሰብ ሰባቱም እርስ በርስ ያልተጣበቁ ናቸው። የዛንቶ ቤተሰብ በሆነው ዛንቲዴ ግን ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ያሉት አንድ ላይ ተጣብቀዋል። ቀጥሎ ክፍሉን በወረንጦ ቀስ ብላችሁ ግለጡና ጎኖፖድ የሚባሉትን፣ ወንዱ ዘር የሚያስተላልፍባቸውን አካላት ፈልጉ። የፒሉምኒዴ የመጀመሪያው ጥንድ ቀጭንና እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነው፤ ሁለተኛው በጣም አጭር። ቀድሞ ፒሉምነስ ከዛንቲዴ ጋር ይመደብ ነበር፤ ቤተሰቦቹን ለመለየት ከረዱት መለያዎች አንዱ ይሄው አካል ነው። ፎቶ ከላይ ብቻ የሚያነሳ ሰው ይህን ሁሉ ያጣል።

ቀለምን ማመን

ቀለም በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳን ይለያያል፤ አልኮል ውስጥ ደግሞ ይጠፋል። በሕይወት እያለ መዝግቡት እንጂ አትደገፉበት።

ባረጀ መጽሐፍ ስም መስጠት

ሄሚግራፕሰስ ታካኖይ የሚባለውን ሸርጣን እንውሰድ። ወንዱ በመቆንጠጫው ጣቶች መካከል ቁንጮ የመሰለ ፀጉር አለው። እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ የራሱ ስም አልነበረውም፤ ሄሚግራፕሰስ ፔኒሲላተስ እየተባለ ነበር የሚመዘገበው። በ1990ዎቹ ከእስያ ወደ አውሮፓ የደረሰው ሸርጣንም መጀመሪያ በዚሁ ስም ተጽፏል። ስለዚህ በምትጠቀሙበት መለያ መጽሐፍ ላይ የታተመበትን ዓመት እዩ።

ፎርማሊን ውስጥ መክተት

ፎርማሊን፣ እንስሳ እንዳይበሰብስ የሚከተትበት ፈሳሽ፣ ዲኤንኤን ይጎዳል። አሲድነት ካለው ቅርፊቱንም ያሟሟዋል። ውሃ ያልበዛበት ኤታኖል (አልኮል) ይሻላል። ዕቃው ውስጥ የሚገባው ወረቀት በእርሳስ ይጻፍ፤ የተራ እስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። ቦታ፣ ቀን፣ ጥልቀትና የተገኘበት ነገር፣ ድንጋይ ይሁን አልጌ ወይም ስፖንጅ፣ ይስፈር። ዝርያው ካልተረጋገጠ "ፒሉምነስ፣ ዝርያው ያልታወቀ" ብሎ መተው ያስኬዳል። ቀጥሎ የሚመረምረው ሰው ከዚያ ይነሳል።