በታይላንድ ገጠር የቀን ሠራተኛ እንዴት ይቀጠራል? እንዴትስ ይከፈላል?

እስራኤል ውስጥ የአረቫን እርሻ ያየ ሰው የታይላንድ ሠራተኞችን ያውቃል። ብዙዎቹ የሚመጡት ኢሳን ከሚባለው የታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ሌላው ወጣት ደግሞ ባንኮክ ወርዷል፣ ወይም ፋብሪካ ገብቷል። መንደሩ የቀረው በአብዛኛው ለእናቶች፣ ለአያቶችና ለልጆች ነው። ህዳር ላይ ሩዙ ሲደርስ ታዲያ ባለማሳው ሁሉ የሚሻማው በእነዚያው ጥቂት እጆች ነው። መራጩ ሠራተኛው ሆኗል ማለት ነው።

በትዳር ወይም በሽርክና እዚያ እርሻ ላይ እጃችሁ ካለበት፣ አካሄዱ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ዋጋውን መንደሩን ጠይቁ

ዋጋ ከራሳችሁ አታውጡ። መንደሩ ለእያንዳንዱ ሥራ የታወቀ ዋጋ አለው። የመንደሩን ሹም (ፑያይባን ይባላል)፣ ባለፈው ሳምንት ሰው ያሠራ ጎረቤትና የሱቋን ሴትዮ ጠይቁ። ሦስቱ የተቀራረበ ነገር ከነገሯችሁ ዋጋው እሱ ነው። ለማመሳከሪያ ያህል፣ በጥር 2025 (በፈረንጆች) የአገሪቱ ዝቅተኛ የቀን ክፍያ እንደየክፍለ ሀገሩ ከ337 እስከ 400 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ነበር።

ከዋጋው በታች ብትሰጡ ማንም አይከራከራችሁም። ታዮች ሰውን ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ይከብዳቸዋል። ይህን ይሉኝታ ክሬንግ ጃይ ይሉታል። ፈገግ ብለው «ነገ እንመጣለን» ይሏችኋል። አይመጡም።

ከዋጋው በጣም በላይ መስጠትም ደግነት መስሎ ጣጣ ያመጣል። ማታውኑ መንደሩ በሙሉ ይሰማል። ሦስት ራይ መሬት (ግማሽ ሄክታር ገደማ) ብቻ ያላት ጎረቤት ያንን መክፈል አትችልም፤ ሠራተኛ የቀማችኋት እናንተ ናችሁ። ቸርነታችሁን በምሳው አሳዩ። ወደሱ እንመጣለን።

በቀን ወይስ በቁርጥ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገውን ሥራ፣ ማለትም የሩዝ ችግኝ መትከልንና አረምን፣ በቀን ክፈሉ። ሊቆጠር ወይም ሊመዘን የሚችለውን በቁርጥ። ቁርጡን «ማው» ይሉታል። ሸንኮራ አገዳ በእስር፣ ካሳቫ በቶን፣ የሩዝ አጨዳ አንዳንዴ በራይ ይሄዳል። አንድ ራይ 1,600 ካሬ ሜትር ነው፤ ስድስት ራይ ከሩብ አንድ ሄክታር ይሆናል።

የቁርጥ ሥራ ፈጣን ነው፤ ጣጣውም ፍጥነቱ ነው። አገዳን ውሰዱ። ስኳሩ የሚበዛው ከመሬት ጋር በተጠጋው ክፍል ነው። ቆራጩ ግን ወገቡን ላለማጉበጥ ከፍ አድርጎ ይቆርጣል። ምርጡ ክፍል ማሳው ላይ ይቀራል፣ ስኳር አልባው ጫፍ ደግሞ ከእስሩ ጋር ፋብሪካ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ እስር አብራችሁ እሰሩ። የት ላይ እንደሚቆረጥ፣ ጫፉ ከየት እንደሚነሳ፣ በአንድ እስር ስንት አገዳ እንደሚገባ ዓይናቸው ይየው። ማታ ላይ «እኔ እንዲህ መስሎኝ» የሚባል ነገር አይኖርም።

ደግሞ ያልተቃጠለ አገዳ ቅጠሉ እጅና ፊት ይሸነትራል፤ የተቃጠለው ይቀላል። ለሁለቱም አንድ ዋጋ ከሰጣችሁ፣ ማታ ላይ ክብሪት የሚጭር አይጠፋም። ጭሱ የአገሪቱን አየር እየበከለ መንግሥት ማቃጠልን የሚቃወመው በየዓመቱ ነው። ላልተቃጠለው ጨመር አድርጉ።

ዝናብ ቀትር ላይ ሥራ ቢያስቆምስ? ግማሽ ቀን ይታሰባል ወይስ ሙሉ? ይህም ጠዋት ይነገር።

ሰው ሳይሆን ቡድን ያዙ

አንድ በአንድ አትቅጠሩ። በየመንደሩ ስምንት አሥር ሰው ይዛ የምትመጣ ጠንካራ ሴትዮ ትኖራለች። ከእሷ ጋር ተነጋገሩ። ማን ትጉህ፣ ማን ሰነፍ እንደሆነ ከእናንተ በላይ ታውቃለች።

አጠራራችሁም ይታሰብበት። እኛ ጋሼ፣ እትዬ እንደምንለው፣ እነሱም በዕድሜ ይጠራራሉ። ትንሽ የሚበልጣችሁ ፒ፣ የምትበልጡት ኖንግ፣ አጎት የሚሆን ሉንግ፣ አክስት የምትሆን ፓ ነው። የስልሳ ዓመት ሰው በስሙ ብቻ ጠርታችሁ ማዘዝ አያምርም።

ስህተት ስታዩ ሰው ፊት አትቆጡ። ለቡድኑ አለቃ በጎን ንገሯት፤ እሷ በቀልድ አድርጋ ታስተካክለዋለች። ሰው ፊት የተዋረደ ሠራተኛ አይመልስላችሁም። በማግስቱ ግን እሱም ቡድኑም የሉም።

ወሬውንና ሳቁን አትከልክሉ። ሳኑክ ይሉታል፤ ሥራም ቢሆን ደስታ ሊኖረው ይገባል ባዮች ናቸው። በስልክ ሞርላም የሚባለውን የኢሳን ዘፈን ከፍተው፣ እየተተራረቡ ነው የሚተክሉት። ጸጥ ያለ ማሳ ካያችሁ የሆነ ነገር ተበላሽቷል።

ምሳና በረዶ

ማትጊያው እዚህ ነው ያለው። ማሳው ዳር ቲያንግ ና የምትባል ጎጆ አለች። ጥላው እሷ ናት። ጠዋት በረዶ የሞላበት የውሃ ማቀዝቀዣ እዚያ ይቀመጥ። በዚያ ሙቀት በረዶ ቅንጦት አይደለም። ምሳ ላይ የሚጣበቀው ሩዝ፣ የፓፓያ ሰላጣ (ሶምታም)፣ የተጠበሰ ዓሣ ወይም ዶሮ ይቅረብ። አብራችሁ ተቀምጣችሁ በእጅ ብሉ። ለኛ ሰው ይህ አይከብድም። አስር ሰዓት ግድም ኤም-150 ወይም ክራቲንግ ዴንግ ከሚባለው የኃይል መጠጥ አንዳንድ ጠርሙስ ብታከፋፍሉ ደስ ይላቸዋል። (የሬድ ቡል አባት ይሄ ክራቲንግ ዴንግ ነው፤ የሠራተኛና የከባድ መኪና ሹፌር መጠጥ ነበር።)

ላው ካው የሚሉት የሩዝ አረቄ ግን ማጭዱ ከተሰበሰበ በኋላ ይሁን። በክረምቱ ሦስት ወር የቡዲስቶች ጾም ላይ መጠጥ የሚተዉ ብዙ ናቸው፤ «ትንሽ ብቻ» እያላችሁ አታስጨንቁ። ዋን ፕራ የሚባሉት ቅዱስ ቀናትም የግድግዳ ካላንደር ላይ በቡድሃ ሥዕል ተለይተዋል። አዛውንቶቹ ጠዋት ቤተ መቅደስ ይሄዳሉ፤ ቀጠሮ ስትይዙ እዩት።

ክፍያ

የዕለቱን በዕለቱ ክፈሉ። ዝርዝር ብር ከተማ ሄዳችሁ ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ባለ 1,000 ባት ይዞ «መልስ የላችሁም?» ማለት አሳፋሪ ነው። ወጣቶቹ በፕሮምፕትፔይ በስልክ ይቀበላሉ፤ አሮጊቶቹ ጥሬ ብር ይመርጣሉ። በቀኝ ወይም በሁለት እጅ ስጡ፣ ልክ እንደ እኛው አገር። ብሩ በንፋስ ቢወድቅ በእግር አታቁሙት። የንጉሡ ምስል አለበት።

ቅድሚያ የሚጠይቅ አይጠፋም። በተለይ ግንቦት ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት የዩኒፎርም ወጪ አለ። ስጡ፤ ግን በሁለት ሦስት ቀን ሥራ ከሚመለስ አይለፍ። ደብተር ላይ ጻፉት፣ እሱም ይየው።

ከወቅቱ በኋላ

ኢሳን ድሮ ሎንግ ኬክ የሚባል ነገር ነበረው። ከእኛ ወንፈል ብዙም አይለይም፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ላንተ። ገንዘቡ ስለተካው ዛሬ ቀንሷል፣ ስሜቱ ግን አልጠፋም። ሠራተኛችሁ ልጁን ሲያመነኩስ ወይም እናቱ ስትሞት ፖስታ ውስጥ ጥቂት ባት ይዛችሁ ሂዱ፣ ትንሽም ተቀመጡ። ሩዙ ጎተራ በገባ ማግስት ደግሞ የቡድኑን አለቃ ፈልጋችሁ የሚቀጥለውን ዓመት የተከላ ቀናት ከአሁኑ አስይዙ። ጎረቤታችሁም ያንኑ እያሰበ ነው።