ለደም ካንሰርና ለደም ሕመም መድኃኒት ሲፈለግ የሚሠሩ ስህተቶች

የደም በሽታ መድኃኒት የሚፈልግ ተመራማሪ ሌሎች የሚቀኑበት ዕድል አለው፤ የሚያጠናው ሴል በመርፌ ተቀድቶ ይመጣለታል። ቀዶ ጥገና አይጠብቅም። ይህ ቅለት ግን ያዘናጋል። ጥሩ የሚመስል ቁጥር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይገኝና ቁጥሩ በምን ሁኔታ እንደተገኘ ይረሳል። ከታች የተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚነሱ ናቸው።

አይሲ50ን ከኤቲፒ ነጥሎ ማንበብ

ብዙ የሉኪሚያ (የደም ካንሰር) መድኃኒቶች ካይኔዝ የተባሉትን ኢንዛይሞች ያግዳሉ፤ አብዛኞቹም ኤቲፒ (ለሴሉ ኃይል የሚያቀብለው ሞለኪውል) የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ ስፍራ ከኤቲፒው ጋር ይሻማሉ። ስለዚህ አይሲ50 (የኢንዛይሙን ሥራ በግማሽ የሚቀንሰው የውህድ መጠን) በቱቦው ውስጥ እንዳለው ኤቲፒ ከፍ ዝቅ ይላል።

ሒሳቡን እንሥራው። የውህዱ ኬአይ (ኢንዛይሙን የመያዝ ጥንካሬው መለኪያ፤ ሲያንስ ይጠነክራል) 5 ናኖሞላር፣ የኢንዛይሙ ኬኤም ለኤቲፒ (ኢንዛይሙ በግማሽ ፍጥነቱ የሚሠራበት የኤቲፒ መጠን) 10 ማይክሮሞላር ይሁን። ሙከራው በ10 ማይክሮሞላር ኤቲፒ ከተሠራ 10 ለ10 ሲካፈል 1፣ አንድ ሲጨመርበት 2፣ በ5 ሲባዛ አይሲ50 10 ናኖሞላር ይወጣል፤ ደስ ያሰኛል። በሴል ውስጥ ያለው ኤቲፒ ግን ከ1 እስከ 5 ሚሊሞላር ነው። 2 ሚሊሞላር ብንወስድ 2000 ለ10 ሲካፈል 200፣ አንድ ሲጨመርበት 201፣ በ5 ሲባዛ 1005 ናኖሞላር ይሆናል። ውህዱ አልተለወጠም፤ አቅሙ ግን መቶ ጊዜ ቀነሰ። «ኢንዛይሙን ያግዳል፣ ሴሉን ግን አይነካም፤ ወደ ውስጥ አልገባ ይሆናል» ተብሎ ኬሚስቱ ወራት ሙሉ ሞለኪውሉን ሽፋን እንዲያልፍ ሲያስተካክል የሚከርመው ብዙ ጊዜ ይህችን ስሌት ማንም ስላልሠራት ነው።

ሌላው ወለሉ ነው። በሙከራው ውስጥ 20 ናኖሞላር ኢንዛይም ካለ አይሲ50 ከ10 ናኖሞላር በታች ሊወርድ አይችልም፤ ግማሹን ኢንዛይም ለመያዝ ቢያንስ ያን ያህል ሞለኪውል ያስፈልጋልና። የ1 ናኖሞላር ውህድና የ0.1 ናኖሞላር ውህድ እኩል መስለው ይታያሉ። ውጤቱ «ከዚህ በላይ አልሻሻል አለ» ማለት ሲጀምር መጀመሪያ የሚመረመረው የኢንዛይሙ መጠን ነው።

ውህዱ ሴሉን የገደለው በታሰበው መንገድ መሆኑን ለማየት ከቢኤ-ኤፍ3 የሚሻል ቀላል መንገድ አናውቅም። ይህ የአይጥ ሴል ኢንተርሉኪን-3 (ሴሉን በሕይወት የሚያቆይ የምልክት ፕሮቲን) ካልተሰጠው ይሞታል፤ ቢሲአር-ኤብል (ሉኪሚያ የሚያመጣ ካይኔዝ) ሲገባበት ግን ያለ እርሱ ይኖራል። ያንኑ ሙከራ ጎን ለጎን ኢንተርሉኪን-3 ጨምሮ መሥራት ነው። ኢንተርሉኪን-3 ያለው ሴል ከተረፈ ውህዱ ቢሲአር-ኤብልን ነው የመታው። እርሱም ከሞተ ውህዱ መርዝ ነው፣ ዒላማው ገና አልታወቀም።

ሁሉን በሚነካ ውህድ መደሰት

በሺዎች የሚቆጠሩ ውህዶች ሲፈተሹ የመጀመሪያው ዝርዝር በአስመሳዮች የተሞላ ነው። ኪኖን፣ ካቴኮልና ሮዳኒን ያለባቸው ሞለኪውሎች ከብዙ ፕሮቲን ጋር ያለ ልዩነት ይጣበቃሉ ወይም በቱቦው ውስጥ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫሉ። የእርዱ ከርከሚንም ከዚህ ቤተሰብ ነው፤ በቱቦ ውስጥ የማይነካው የለም፣ በደም ውስጥ ግን የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው። ሌሎቹ ደግሞ በማይክሮሞላር መጠን ተከማችተው ጥቃቅን ጓል ይሠሩና ኢንዛይሙን በላያቸው ለጥፈው ያስቀሩታል። መለያው ርካሽ ነው፤ 0.01 በመቶ ትራይተን ኤክስ-100 የተባለውን ሳሙና ጨምሮ መድገም። አጋጁ ኃይል በሳሙናው ከጠፋ የነበረው ጓል ነው። የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን ጭማቂ በሉኪሚያ ሴል ላይ የሚፈትኑ የዩኒቨርሲቲ ጥናቶችም በታኒን ምክንያት እዚሁ ወጥመድ ውስጥ ይወድቃሉ፤ ታኒን ፕሮቲን ሁሉ ላይ ይለጠፋል።

ዲኤምኤስኦን እንደ ውኃ መቁጠር

ኤችኤል-60 የተባለው የሉኪሚያ ሴል 1.3 በመቶ አካባቢ ዲኤምኤስኦ (ውህዶች የሚሟሙበት ፈሳሽ) ባለበት ለአምስትና ስድስት ቀን ከቆየ ወደ ግራኑሎሳይት (የነጭ ደም ሴል ዓይነት) መሰል ሴል ይበስላል፤ መከፋፈሉንም ያቆማል። ማሟሟቻው ራሱ መድኃኒት መሰለ ማለት ነው።

ስህተቱ የሚገባው በማቅለል ላይ ነው። 1 ሚሊሞላር የሆነ ክምችት ይዞ 30 ማይክሮሞላር ለማድረስ የሚፈልግ ሰው 3 በመቶ ዲኤምኤስኦ ጨመረ ማለት ነው። ውህዱን በማብቀያ ፈሳሽ ደረጃ በደረጃ ያቀለለ ከሆነ ደግሞ የሙከራው ፕሌት የመጀመሪያው ቀዳዳ ብዙ፣ የመጨረሻው ጥቂት ዲኤምኤስኦ ይኖረዋል፤ የሚያምረው ኩርባም የማሟሟቻው ኩርባ ይሆናል። ትክክሉ ይህ ነው፦ 10 ሚሊሞላር ክምችት ይዘጋጃል፣ ደረጃዎቹ ሁሉ በንጹህ ዲኤምኤስኦ ይቀልላሉ፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ ደረጃ 1 ማይክሮሊትር ወደ 999 ማይክሮሊትር ማብቀያ ይገባል። ከፍተኛው መጠን 10 ማይክሮሞላር ይሆናል፤ ዲኤምኤስኦው ግን በሁሉም ቀዳዳ 0.1 በመቶ ብቻ ነው። ውህድ የሌለበት መቆጣጠሪያ ቀዳዳም ያንኑ 0.1 በመቶ ያገኛል።

ክምችቱ ደጋግሞ ከቀለጠና ከበረደ እርጥበት ይስባል፣ ውህዱም ሊዘቅጥ ይችላል። በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ ማስቀመጥ፤ ከፍተኛውን ቀዳዳ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ማየት። መርፌ መሰል ክሪስታል ከታየ በዚያ መጠን የተገኘው ቁጥር ዋጋ የለውም።

በ72 ሰዓት መፍረድ

የተለመደው የሴል ሕይወት መለኪያ ኤቲፒን በብርሃን ይለካል፣ በ72 ሰዓት ያበቃል። በፍጥነት ለሚገድል መድኃኒት ይበቃል። የሉኪሚያውን ሴል ወደ ጤነኛ የደም ሴል ለሚያበስል መድኃኒት ግን አይሆንም። በ2017 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) የጸደቀው ኢናሲደኒብ አይዲኤች2 የተባለውን የተበላሸ ኢንዛይም ሲያግድ የሉኪሚያውን ሴል ቶሎ አይገድልም፤ ታግዶ የቆየውን ብስለት ይለቅለታል፣ ይህም ሳምንታት ይፈጃል። በሦስት ቀን ፕሌት ላይ እንዲህ ያለ ውህድ «የማይሠራ» ተብሎ ይጣላል። መለካት ያለበት በሰዓታትና በቀናት ውስጥ የሚወርደው 2-ሃይድሮክሲግሉታሬት (የተበላሸው ኢንዛይም የሚሠራው ንጥረ ነገር)፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ደግሞ በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ በሚያይ መሣሪያ) የሚታየው ሲዲ11ቢ የተባለው የብስለት ምልክት ነው። በተቃራኒው ማይቶኮንድሪያን የሚያውክ ውህድ ሴሉ ሳይሞት ኤቲፒውን ያወርዳል፤ በሕይወት ያሉትን ሴሎች መቁጠር ያስፈልጋል።

ስሙን አምኖ ሴል ማብቀል

ይህ አጭር ነው። በየወሩ ማይኮፕላዝማ (ሴሎችን የሚበክል ባክቴሪያ) መመርመር፣ ሴል ሲመጣና ሲቀመጥ በኤስቲአር (በዲኤንኤ አሻራ) ማንነቱን ማረጋገጥ፣ ከ20 እስከ 25 ጊዜ በላይ የተዛወረውን መጣል። ኤፍኤልቲ3 በተባለው ካይኔዝ ላይ የሚሠራ ውህድ በእርሱ በሚኖረው የኤምቪ4-11 ሴል ሲፈተን ኬ562 የተባለው ሴል ጎኑ ይቀመጥ፤ ኬ562 የሚኖረው በቢሲአር-ኤብል ስለሆነ በዚያው መጠን ሊሞት አይገባም።

የአይጥን ደኅንነት የሰው ደኅንነት ማድረግ

የማይሎማ (የመቅኔ ካንሰር) መድኃኒቶቹ ሌናሊዶሚድና ፖማሊዶሚድ፣ እንደ አባታቸው ታሊዶሚድ፣ ሴሬብሎን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተጣብቀው ሌሎች ፕሮቲኖችን ለመፍጨት ይዳርጋሉ። የአይጥ ሴሬብሎን ከሰው የሚለየው ወሳኝ ቦታ ላይ ባለ አንድ አሚኖ አሲድ ነው፤ በሰው ቫሊን የሆነው በአይጥ አይሶሉሲን ነው። በዚህች ልዩነት መድኃኒቱ በአይጥ አይሠራም። አሁን የሰው ማይሎማ ሴል አይጥ ላይ ተተክሎ ውህዱ ሲሰጥ ምን ይታያል? ዕጢው የሰው ስለሆነ ይጠፋል፤ የአይጡ መቅኔ ምንም አይሆንም። ሪፖርቱ ላይ «ሰፊ የደኅንነት ወሰን» ተብሎ ይጻፋል። ወሰኑ የመድኃኒቱ አይደለም፣ የአይጡ ነው። በሰው ላይ የነጭ ደም ሴልና የፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የምታደርገው ቅንጣት) መውረድ የእነዚህ መድኃኒቶች ዋና ችግር ነው። ስለዚህ ዒላማው ፕሮቲን በአይጥ፣ በውሻና በዝንጀሮ ምን እንደሚመስል ከእንስሳ ሙከራው በፊት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል።

ከፕሮቲን ጋር የታሰረውን መርሳት

99 በመቶ የታሰረና 99.9 በመቶ የታሰረ ውህድ ወረቀት ላይ መንትያ ይመስላሉ። ነጻው ክፍል ግን 1 በመቶና 0.1 በመቶ ነው፤ አሥር እጥፍ። ዒላማውን የሚነካው ደግሞ ነጻው ብቻ ነው። ዩሲኤን-01 የተባለው የካንሰር መድኃኒት ዕጩ ታሪክ ከዚህ የከፋ ነው። በእንስሳት ላይ ቶሎ ከደም ይወጣ የነበረ ውህድ በሰው ላይ ሲሰጥ ከሰው አልፋ-1 አሲድ ግላይኮፕሮቲን ጋር እጅግ ጠብቆ ተያዘ፤ በደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ሳምንታት ፈጀ። ይህ ፕሮቲን በካንሰርና በኢንፌክሽን ጊዜ ይጨምራል፤ ታማሚው ያለው መጠን ጤነኛው ካለው ይበልጣል። ሙከራውን 50 በመቶ የሰው ሴረም ጨምሮ መድገም አንድ ከሰዓት በኋላ የሚጨርስ ሥራ ነው፣ ብዙ ያተርፋል።

መቅኔውን አይቶ ደሙን አለማየት

ጤነኛ መቅኔ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማየት የሰው ሲዲ34 ያላቸው ሴሎች (የደም እናት ሴሎች) በሜቲልሴሉሎዝ (ወፍራም ማብቀያ) ላይ ተዘርተው ለ14 ቀን ኮሎኒያቸው ይቆጠራል። መደረግ ያለበት ነው፣ ግን ሙሉ አይደለም። ናቪቶክላክስ የተባለው የካንሰር መድኃኒት ዕጩ ሴልን ከሞት ከሚጠብቁት ፕሮቲኖች ቢሲኤል-2ን ብቻ ሳይሆን ቢሲኤል-ኤክስኤልንም ያግድ ነበር። ፕላትሌት ደግሞ ኒውክሊየስ የላትም፤ ዕድሜዋን ከሰባት እስከ አሥር ቀን የምታቆየው በቢሲኤል-ኤክስኤል ነው። መድኃኒቱ በተሰጠ በቀናት ውስጥ በደም ውስጥ የምትዞረው ፕላትሌት ረገፈች። ፋብሪካው ደኅና ነበር፤ የተመታው ገበያ ላይ ያለው ዕቃ ነው። የኮሎኒ ቆጠራ ይህን አያሳይም። መፍትሔው ትኩስ የሰው ፕላትሌት ለይቶ ከውህዱ ጋር ማቆየትና የሞት ምልክቶቹን መለካት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ቬኔቶክላክስ ቢሲኤል-2ን ብቻ እንዲይዝ ተደርጎ ተሠራና በ2016 ጸደቀ።

ቀይ የደም ሴልም የራሱ ፈተና አለው። ኦክሳይድ የሚያደርግ ውህድ ከሆነ ጂ6ፒዲ (ቀይ ሴልን ከእንዲህ ያለ ጉዳት የሚጠብቅ ኢንዛይም) የሚያንሰው ሰው ደም ላይ መሞከር አለበት፤ ዩሪክ አሲድ የሚያወርደው ራስቡሪኬዝ ለእነዚህ ሰዎች የተከለከለው ቀይ ሴላቸውን ስለሚያፈርስ ነው።

የሚቻለውን ትልቁን መጠን መምረጥ

በኬሞቴራፒ ዘመን የተለመደው ሰው የሚችለውን ከፍተኛ መጠን መስጠት ነበር። ዒላማውን በትንሽ መጠን ለሚሞላ መድኃኒት ይህ አደጋ ነው። ቢሲአር-ኤብልን የሚያግደው ፖናቲኒብ በታኅሣሥ 2012 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በቀን 45 ሚሊግራም ጸደቀ፤ በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት በደም ቧንቧ መዘጋት ምክንያት በአሜሪካ ሽያጩ ታገደ፤ በኋላ በጠበበ ፈቃድ ተመለሰ። አሁን ሥር በሰደደው ሲኤምኤል (በቢሲአር-ኤብል የሚመጣው ሉኪሚያ) በ45 ተጀምሮ የቢሲአር-ኤብል መጠን 1 በመቶ ወይም በታች ሲደርስ ወደ 15 ይወርዳል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ2021 ጀምሮ ሁለትና ከዚያ በላይ መጠኖች እንዲነጻጸሩ የሚገፋው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ሲበዛ ብቻ ሳይሆን ሲፈጥንም ይገድላል። ቬኔቶክላክስ የሲኤልኤል (ሌላ ዓይነት ሉኪሚያ) ሴሎችን በአንድ ጊዜ ሲያፈርስ ፖታሲየምና ፎስፌት ደሙን ያጥለቀልቁታል፤ በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች በዚህ የሞቱ አሉ። ስለዚህ 20፣ 50፣ 100፣ 200፣ 400 ሚሊግራም እየተባለ በአምስት ሳምንት ይወጣል።

የላብራቶሪውን ቁጥር ከታማሚው ማስቀደም

ቮክሰሎተር ለሲክል ሴል (የሚወረስ የቀይ ደም ሴል ሕመም) በኅዳር 2019 የጸደቀው ሂሞግሎቢንን ስለጨመረ ነው፤ በ1500 ሚሊግራም ከወሰዱት 51 በመቶው ቢያንስ አንድ ግራም በዴሲሊትር ጨምረዋል፣ ማስመሰያ ከወሰዱት ግን 7 በመቶ ብቻ። ግን ውህዱ ሂሞግሎቢን ኦክሲጅኑን አጥብቆ እንዲይዝ ያደርጋል፤ የጨመረው ሂሞግሎቢን ለአካል ምን ያህል ኦክሲጅን እንደሚለቅ ሌላ ጥያቄ ነበር። በመስከረም 2024 አምራቹ ከዓለም ገበያ አነሣው፤ የሕመም ቀውስና ሞት መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ በዝቶ ታይቷል። የሕመም ቀውስ ቁጥርን ከመጀመሪያው ዋና መለኪያ ማድረግ ሙከራውን ያስረዝማል፣ ያስወድዳል። ቢሆንም መደረግ አለበት።

አንድ የኒውትሮፊል ወሰን ለሁሉ

የደም ካንሰር ሙከራዎች ብዙ ጊዜ በማይክሮሊትር ከ1500 በታች ኒውትሮፊል (ኢንፌክሽን የሚዋጋ ነጭ የደም ሴል) ያለውን አያስገቡም፤ በሕክምናው መሃል ከወረደም መጠን ይቀንሳሉ። ዳፊ የተባለው ፕሮቲን በቀይ ሴላቸው ላይ የሌላቸው ሰዎች ግን ጤነኛ ሆነው ሳለ ከ1000 እስከ 1500 መገኘታቸው የተለመደ ነው። በአፍሪካ፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ በየመን፣ እንዲሁም በእስራኤል በሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ በብዛት የሚታየው ይህ ነው። ኢንፌክሽን አያበዛባቸውም፤ ቁጥሩ ደም ውስጥ አነስ አለ እንጂ መቅኔው ያመርታል። ባለ አንድ ወሰን ፕሮቶኮል እነዚህን ሰዎች ገና በር ላይ ይመልሳል፤ ከገቡም ሳያስፈልግ መድኃኒታቸውን ያሳንስባቸዋል። በፕሮቶኮሉ ውስጥ የዳፊ ምርመራ አማራጭ ይጻፍ፣ ከሕመሙ በፊት የተሠሩ የደም ቆጠራዎች ካሉ ተጠይቀው እንደ መነሻ ይመዝገቡ፣ የመጠን መቀነሻው ወሰንም ለዳፊ የለሾች ወደ 1000 ይውረድ።