አዳማ ላይ ቤት ለሚያሠሩ የውጭ ነዋሪዎች፦ ልስኑ ስታኮና ቀለም ሳይነካው ያስፈትሹ

አዳማ ላይ ቤት የሚያሠሩ ወገኖች ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ቤቱ አልቆ፣ ቀለም ተቀብቶ በቪዲዮ ሲታይ ያምር ነበር፤ ክረምቱ ሲያልፍ ግን የሳሎኑ ግድግዳ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለውም እየተላቀቀ ወረደ። አሁን ማንን ልጠይቅ ይላሉ። ነገሩ ሲጣራ ብዙውን ጊዜ ሲሚንቶውን የገዛው፣ ለግንበኛው የከፈለው እና ሥራውን «ጥሩ ነው» ብሎ የተረከበው አንድ ሰው፣ እርሱም የቅርብ ዘመድ ሆኖ ይገኛል።

ልስን የሚበላሸው ሲሚንቶ ሲጓደልበት ብቻ ሳይሆን ውሃ ሲነፈገውም ነው። የአዳማ ነፋስ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለት ጣቢያዎች የተተከሉለት ነፋስ ነው፤ ከፀሐዩ ጋር ሲተባበር አዲስ ልስንን ሲሚንቶው ሳይጠነክር ያደርቀዋል። ስለዚህ ብሎኬቱ ከመለሰኑ በፊት መርጠብ፣ ልስኑም ከተጠናቀቀ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀናት ጠዋትና ማታ ውሃ መጠጣት አለበት። የቧንቧ ውሃ በጠፋ ቀን በቦቴ የሚያስገዛ ኃላፊ ከሌለ ይህ ሥራ ይዘለላል፤ መዘለሉም የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው።

ፍተሻው ስታኮ፣ ማለትም ከቀለም በፊት ልስኑን የሚያለሰልሰው ስስ ቅብ፣ ከመቀባቱ በፊት ይደረግ፤ ስታኮ ስንጥቁንም ጉርብጥብጡንም ስለሚሸፍን ከዚያ በኋላ የሚላክ ቪዲዮ ምንም አያስረዳም። ፈታሹ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በሳንቲም ይምታ፤ እርስዎም በስልክ ድምፁን ያዳምጡ። ደረቅና አጭር ድምፅ ልስኑ ብሎኬቱን መያዙን ያሳያል፤ ውስጡ ባዶ መሆኑን የሚያሳብቅ ድምፅ ያለበት ቦታ ግን በጠመኔ ይከበብ፣ ተፈንቅሎም እንደገና ይለሰን። በምስማር ሲጫር አሸዋው እየተፈረፈረ ከወረደ ወይ ሲሚንቶው አንሷል፣ ወይ ውሃ አልጠጣም። ባለ 2 ሜትር ስታጃ (ቀጥ ያለ ማስተካከያ ዘንግ) በቁምም በአግድምም ሲለጠፍ ከ3 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ክፍተት መታየት የለበትም። ማታ ደግሞ ባትሪ ከግድግዳው ጋር አጠጋግቶ በጎን ማብራት ቀን የማይታየውን እብጠት ያጋልጣል። የሲሚንቶውን ሂሳብ ከሩቅም ማስላት ይቻላል፤ 1 ለ 3 ድብልቅ (አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ) በ2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለ100 ካሬ ግድግዳ ባለ 50 ኪሎ 20 ከረጢት ያህል ይበቃዋል። 40 ከረጢት ገባ ከተባሉ የቀረው የት እንደ ደረሰ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሰው መምረጥ ነው። ብዙዎቻችን የምንፈራው ዘመድ እንዳይሰርቀን ነው፤ እኔ ግን ከሌብነት ይልቅ ይሉኝታ ያፈረሰው ግድግዳ ይበዛል ብዬ አምናለሁ። ቦኩ አካባቢ የእህቴ ቤት ሲሠራ ተቆጣጣሪው የእናታችን ወንድም ነበሩ። አንዲት ሳንቲም አልነኩም፤ ደረሰኙን ሁሉ በቀን በቀኑ አስቀምጠዋል። ነገር ግን ግንበኛው የጎረቤታቸው ልጅ ነበር። የኮሪደሩን ግድግዳ ሲያንኳኩት ባዶ መሆኑን ሰምተዋል፤ ሆኖም ልጁን በሠራተኞቹ ፊት «አፍርሰው» ማለት ከበዳቸውና «ሲደርቅ ይይዛል» ብለው አሳለፉት። በኋላ የኮሪደሩ ልስን ግማሹ ተፈንቅሎ በእህቴ ወጪ እንደገና ተሠራ፤ ሁለቱ ቤተሰቦችም ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረሱ። እኚህን ደግ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ማቆም ለእርሳቸውም ተገቢ አልነበረም።

ስለዚህ ታማኝ ሰውና «ይፍረስ» ማለት የሚችል ሰው አንድ ላይሆኑ እንደሚችሉ ተረድቶ ሥራውን መለየት ያስፈልጋል። ገንዘቡን ዘመድ ይያዝ፤ ልስኑን ግን ዘመድም ግንበኛውም ያልመረጡት፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር ዝምድናም ዕቁብም የሌለው መሐንዲስ ወይም ልምድ ያለው ፎርማን በየጉብኝቱ እየተከፈለው ይፈትሽ፤ ያለ እርሱ የጽሑፍ ማረጋገጫም ክፍያ አይለቀቅ። ይህን ለታላቅ ሰው መንገር ቅር ያሰኛል ብለው አይተዉት። «ጋሼ፣ እርስዎን ከሰፈር ሰው ጋር እንዳላጣላዎት ብዬ ነው፤ መጥፎውን ነገር ሌላ ሰው ይናገር፣ እርስዎ ገንዘቡን ብቻ ይያዙልኝ» ቢሏቸው አብዛኞቹ ሸክም እንደ ወረደላቸው ያያሉ። በዚህ የሚቆጣ ዘመድ ካለ ግን ቁጣው ራሱ መረጃ ነው፤ ገንዘቡንም ባይሰጡት ይሻላል።

ውክልናን በተመለከተ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያገለግል፣ ቤት ለመሸጥና ለማስያዝ ግን ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ስለሚደነግግ፣ ለግንባታ ክትትል የሚሰጡት ሰነድ ላይ መሸጥና ማስያዝ የሚሉ ቃላት እንዳይገቡ ያረጋግጡ። ይኸው ሕግ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ በቃል የተስማማን ግንበኛ በዚህ መጠየቅ ግን አስቸጋሪ ስለሆነ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ከጠቅላላው ክፍያ 10 በመቶው አንድ ክረምት አልፎ ግድግዳው እንደገና በሳንቲም እስኪፈተሽ ድረስ ተይዞ እንደሚቆይም በውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ ይህ ገንዘብ በእርስዎ ስም በባንክ ይቀመጥ።